ሦስተኛ ወገን

ለገሃር፣ ከባንኩ ጀርባ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ ስለ መድን ልጠይቅ።
መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ብርማ፣ በሯ የተጫረች፣
በሚስቴ እቁብ፣ በአሥራ ሰባተኛው ዕጣ የመጣች።
ጎረቤቴ ዘርጋው አስቀድሞ መክሮኛል፦
«ዋጋዋን ዝቅ አርገህ አስጽፍ፤ አረቦኑ ይቀልልሃል።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደረቷ ላይ «ሕሊና» ይላል።
«ዝቅ ብሎ የተጻፈ፣» አለችኝ፣ «ዝቅ ብሎ ይከፈላል።
በግማሽ ዋጋ ካስገቧት፣ ፓራውልቷ ሲረግፍ
የጥገናው ግማሽ ከእርስዎ ኪስ ነው የሚራገፍ።»
ዘርጋው ትዝ አለኝ፤ አምና ጎርፍ ሞተሩን ሲያጠጣው
የቆረጡለት ካሳ ለአንድ ጎማ አልበቃው።

«ስፖኪዮስ? ፒያሳ አቁሜ ለቁርስ ስገባ ቢነቀል?»
«ለብቻው ካልተጻፈ፣ እንዳልነበረ ይቆጠራል።»
«ጭረትስ?» «እስከዚህ ድረስ የእርስዎ፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ።»
የጉንዳን ሰልፍ የመሰለውን ፊደል አነበብኩት ዳግመኛ።

«ሕጉ ግድ የሚልዎ» አለች «ይቺን ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ወገን።
እሷን ነው ትራፊክ የሚያይ፣ ፊሽካ ነፍቶ ሲያስቆምዎን።»
«እኔ አንደኛ፣ እናንተ ሁለተኛ፤ ሦስተኛው ማነው ታዲያ?»
«አይታወቅም» አለች ፈገግ ብላ፤ «ከአደጋው ወዲያ።»

ያን ቀን አልፈረምኩም።
ሦስት ቢሮ ዞርኩ። አንዱ ሻይ ጋበዘኝ፣
አንዱ ካላንደርና የቁልፍ መያዣ አስታቀፈኝ፣
አንዱ «ከሁሉ ርካሽ ነን» እያለ እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ።
እኔ ግን ሻጮቹን ትቼ ካሳ ክፍል ነው የወረድኩ፣
ከተሰለፉት መሐል፣ ባለጉዳይ መስዬ ጠበቅኩ።
«አምስት ወሬ» አለኝ አንዱ፤ ፋይሉ ላብ ጠጥቶ ወይቧል።
በነሕሊና ቤት ያገኘኋት ሴትዮ፦ «በሃያ ቀን አልቆልኛል፤
ጥቂት ብር ይወደዳል እንጂ።»
ይወደድ፣ አልኩ። ፈረምኩ።
ዘርጋው ሲስቅብኝ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ስይዝ ያን ሰው እፈልጋለሁ።
ስታዲየም ዜብራው ላይ ቆሜ አላፊውን አያለሁ፦
ይሆን ያ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፊቱ የማይታይ?
ይሆን ያቺ ተማሪ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ፣ ግራ ቀኝ የማታይ?
ወይስ ወያላው፣ በበሩ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ!» የሚለው?
ሁሉም ያልፋል። ሁሉም ለጊዜው እሱ ነው።

ግንቦት፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ በመጀመሪያው ዝናብ፣
ፍሬን ያዝኩ፤ አስፋልቱ እንቢ አለ። ጎማዬ አዳለጠ እንደ ቅባት።
ድምፁ ትንሽ ነበር፤ በር ሲዘጋ ያህል።
ሎተሪ አዟሪ፤ ቲኬቱ ኩሬው ላይ ይንሳፈፋል።

ወርጄ፣ ጉልበቱን እንደያዘ፣ «ስምህ ማነው?» አልኩት።
«ደመላሽ።»
ለካ ስም አለው።
ሐኪም ቤት ስንሄድ ኋላ ወንበር ላይ ቲኬቱን አንድ በአንድ ይጠርጋል፣
«አይዞህ፣ አልተሰበረም» ይለኛል፤ እኔን ያጽናናኛል።

ሕክምናውን ውሉ ቻለው። የራሰውን ቲኬት ግን ውሉ አያውቀውም፤
አርባ ሁለቱንም ገዛሁት፤ ሚስቴ እስካሁን አልሰማችም።

ሕሊና ቅጹን ስትሞላ አንድ መስመር ላይ ቆመች፦
«ከተጎጂው ጋር ዝምድና አለዎት?» ብላ ጠየቀች።
አፌን ከፈትኩ፤
ወገን ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ፣ ልል ነበር።
ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል።
«የለም» ብላ ጻፈችው።

ዕጣው ወጣ፤ አንዱም አልደረሰኝ።
ቲኬቶቹ አሁንም ከመሪው ፊት ለፊት ናቸው፤
ደርቀው ተጠቅልለዋል፣
ዜብራ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር
ወደ እኔ ይንሸራተታሉ።